«ለሀሺሽ ብሎ የሚመጣ ሰው የለም» ተባልኩ። እውነት የለም?

ዳግም_ጀማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሀሺሽ ማጨስ የጀመርኩት በ19 ዓመቴ ነው። አሁን 30 ሞልቶኛል። መጀመሪያ ቅዳሜ ማታ ብቻ ነበር፣ ከጓደኞቼ ጋር። ከዚያ ከሥራ መልስ ሆነ፣ ከዚያ ከሥራ በፊትም ሆነ፣ አሁን ደግሞ ካላጨስኩ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይወርድልኝም፣ ከሰው ጋር ሁለት ቃል መነጋገርም ያቅተኛል። ሰው አልጎዳሁም። አልሰረቅኩም። ከሥራም አልተባረርኩም። ግን አሥራ አንዱ ዓመት የት ገባ ብትሉኝ መልስ የለኝም።

ለብቻዬ ለማቆም ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ረጅሙ አሥራ ሁለት ቀን ነው።

ባለፈው ወር ቆርጬ ወደ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ከበሩ ተመልሼ በአራተኛው ነው የገባሁት። መዝጋቢዋ «ምንድን ነው የምትጠቀመው?» አለችኝ። «ሀሺሽ» አልኳት። «ሌላስ?» «ሌላ የለም።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለመጠጥ ፕሮግራም አለን፣ ለሄሮይን አለን፣ ለሀሺሽ ግን ለብቻው የለንም፣ ለሀሺሽ ብሎ የሚመጣ ሰውም የለም አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ከልቧ ያዘነችልኝ ነው የመሰለኝ። የግል ክሊኒክ ሞክር አለችኝ። ሞከርኩ። የጠየቁኝን ለመክፈል የወር ደሞዜ አይበቃም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። እኔ እኮ መጥቻለሁ። ፊቷ ቆሜ ነው የሚመጣ የለም ያለችኝ። እውነት እኔ ብቻ ነኝ? ነው ወይስ እንደኔ ከበር የሚመለስ ብዙ ሰው አለ?

—

የተረኛ_ነርስ፦

ወንድሜ፣ አራተኛውን ጊዜ ስለገባህ ደስ ብሎኛል። ብዙው ሰው ሦስተኛው ላይ ነው የሚቀረው።

በመንግሥት የሱስ ህክምና ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። «የሚመጣ የለም» የሚለው ነገር ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ። ከቅጹ ነው። እኛ ጋ ቅጹ ላይ «ዋናው ዕፅ» የሚል አንድ መስመር አለ። አንድ ሰው መጠጥም ሀሺሽም ይዞ ከመጣ ዋናው ተብሎ የሚጻፈው መጠጡ ነው። ሀሺሹ ከታች «ሌላ» በሚለው ቦታ ይገባል፣ ያም ከሞላነው ነው። በዓመቱ መጨረሻ በጀት የሚይዙት ሰዎች የሚያዩት የላይኛውን መስመር ብቻ ነው።

ሌላው ደግሞ በሀሺሽ የተቸገረ ሰው «ሀሺሽ አስቸገረኝ» ብሎ አይመጣም። እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ይመጣል። ልቤ ይመታል፣ ጭንቀት ገደለኝ ብሎ ይመጣል። የጭንቀት መድኃኒት ይታዘዝለትና ይሄዳል። ማንም «ስንት ታጨሳለህ?» ብሎ አልጠየቀውም።

በጣም የሚያናድደኝን አንድ ልጨምር። ለዓመታት በየቀኑ ከሚያጨሱ ሰዎች አንዳንዶቹን የሚይዝ የማስመለስ በሽታ አለ። ማቆሚያ የሌለው ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ደህና ይሆኑና እንደገና ይነሳባቸዋል። ምልክቱ ፍል ውሃ ነው። ሻወር ስር ቆመው በጣም በሞቀ ውሃ ሲታጠቡ ይሻላቸዋል። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ የሚታጠቡ አይቻለሁ። ይህ በሽታ በሐኪሞች መጽሔት ላይ በደንብ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ ከአውስትራሊያ በመጡ ታካሚዎች። እስከዛሬም ድረስ ድንገተኛ ክፍል ተደጋግሞ የሚመጣ፣ ሆዱ በካሜራ የታየ፣ ደሙ አሥር ጊዜ የተመረመረ፣ ግን የሀሺሽ ጥያቄ አንድም ጊዜ ያልቀረበለት ሰው አለ። ይህ ሁሉ ወጪ የወጣው ከመንግሥት ካዝና ነው። ግን «የጨጓራ ህክምና» ተብሎ ነው የተመዘገበው።

ስለዚህ አንተ ብቻ አይደለህም።

—

ሚዛን፦

ለጠያቂው ክብር አለኝ፣ እንዲሳካለትም ከልቤ እመኛለሁ። ግን ሌላውን ወገንም እንስማ።

ታናሽ ወንድሜን በሄሮይን ነው ያጣሁት። የሞተው ለህክምና ወረፋ ላይ እያለ ነው። ተራው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ስለዚህ «ለዚህም ይመደብ፣ ለዚያም ይመደብ» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ገንዘቡ አንድ ነው። አልጋው የተቆጠረ ነው። ከመጠን በላይ ወስዶ ሊሞት የሚችል ሰው እያለ፣ መሞት ለማያሰጋው ሰው አልጋ መስጠት ለኔ አይዋጥልኝም።

ደግሞ ቁጥሩ ራሱ መታየት አለበት። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ለሀሺሽ ህክምና ከገቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ፈልገው የመጡ አልነበሩም። ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ ወይም የአመክሮ ቢሮ የላካቸው ናቸው። ልጁ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ተገኘበት፣ እስር ወይም ህክምና ተባለ፣ ህክምና አለ። ያ ወንበር በሌላ ሰው ሊሞላ ይችል ነበር። ያንን ይዞ «የህክምና ፍላጎት ጨምሯል» ማለት ልክ ነው ወይ?

—

ዝምታ፦

አካውንት የከፈትኩት ለዚህ ውይይት ብዬ ነው። እኔም ከበር ተመልሻለሁ። ሁለት ጊዜ። ሌላ የምለው የለኝም፣ እንድትቆጥሩኝ ብቻ ነው።

—

አማካሪ_ነኝ፦

ሚዛን፣ ለወንድምህ ነፍስ ይማር። የሆነው ነገር መሆን አልነበረበትም።

የፍርድ ቤቱ ነገር እውነት ነው፣ አልክድህም። ተገድዶ የመጣን ሰው እንደ ፈላጊ መቁጠር ያሳስታል። ግን ያው ነገር በሌላ በኩልም ያሳስታል፣ ምክንያቱም ያልተገደደው ሰው የት እንደሚሄድ ስለማያውቅ አይታይም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የሲያትሉ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሀሺሽ ማቆም የምትፈልጉ አዋቂዎች ኑ» ብለው አስነገሩ። በዚያን ጊዜ እንኳን ፕሮግራም ሊኖር፣ ሀሺሽ ሱስ ያስይዛል የሚለውም ብዙ አማኝ አልነበረውም። ሰዎች ደወሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ብቻ 212 ሰዎች ታክመዋል። ማንም አላስገደዳቸውም። አብዛኞቹ ሥራ ያላቸው፣ በየቀኑ የሚያጨሱ፣ ወደ ተለመደው የዕፅ ማገገሚያ ግን ፈጽሞ የማይሄዱ ሰዎች ነበሩ። «እዚያ ያሉት የሄሮይን ሰዎች ናቸው፣ እኔ እነሱን አይደለሁም» ይላሉ። የመጡት በስማቸው ስለተጠሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተጠኑ አዋቂዎች ታሪክ ከጠያቂያችን ታሪክ ጋር ቁርጥ ነው። ለሀሺሽ ህክምና ፈልጎ የሚመጣ አዋቂ በአማካይ ከአሥር ዓመት በላይ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሲያጨስ የቆየ፣ ለማቆምም ከስድስት ጊዜ በላይ የሞከረ ነው። ስድስት ጊዜ ለብቻው የሞከረ ሰው ነው እኛ በር ላይ «ፍላጎት የለም» የምንለው።

ስለ አልጋውም ልመልስ። እዚህ ላይ ከአንተ ጋር አልጣላም፣ እንዲያውም እስማማለሁ። ለሀሺሽ ብዙውን ጊዜ አልጋ አያስፈልግም። ለሄሮይን ሱስ እንደሚሰጠው ሜታዶን ያለ የጸደቀ መድኃኒትም የለውም። የሚሠራው ንግግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ፣ 450 አዋቂዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ነበር። አንዱ ቡድን ዘጠኝ ጊዜ ከአማካሪ ጋር ተገናኘ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሦስተኛው አራት ወር ጠብቅ ተባለ። ዘጠኝ ጊዜ የተገናኙት በጣም ቀነሱ። ሁለት ጊዜ ብቻ የተገናኙትም እንኳ ከጠባቂዎቹ የተሻለ ቀንሰዋል። ዘጠኝ ቀጠሮ ማለት ወንበር፣ የሚዘጋ በር እና የሠለጠነ ሰው ማለት ነው። የማንንም አልጋ አይነካም።

—

ሰባተኛው_ሙከራ፦

ከስድስት ጊዜ በላይ የሚለውን ሳነብ ገረመኝ። ስሜን ያየ ይረዳኛል። ካቆምኩ 14 ወር ሆኖኛል።

ዳግም ጀማሪ፣ አሥራ ሁለት ቀን ረጅም ነው። ይህን የምልህ ለማጽናናት አይደለም። ከባዱን ያለፍከው እዚያው ውስጥ ነው፣ ማንም ስላልነገረህ ግን አላወቅከውም። እኔም ስድስት ጊዜ ሙሉ አላወቅኩም።

ሀሺሽ ሐራራ የለውም የሚል ሰው ካለ ከኔ ጋር አንድ ሳምንት ይደር። በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ያናድደኛል፣ ሚስቴ ማንኪያ ስታስቀምጥ የሚሰማው ድምፅ እንኳ ያስጮኸኝ ነበር። ላብ፣ በተለይ ሌሊት። ምግብ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። እንቅልፍ የለም፣ ትንሽ ሸለብ ሲያደርገኝ ደግሞ እንደ ፊልም የጠራ ቅዠት። ስታጨስ ህልም ስለማታይ፣ ህልሙ ተጠራቅሞ ቆይቶ የሚመጣብህ ነው የሚመስለው። ስድስቱንም ጊዜ ተመልሼ ያጨስኩት በዚያ ሳምንት ውስጥ ነው። በየጊዜው «እኔ ደካማ ነኝ» ብዬ ነበር የምደመድመው።

በሰባተኛው ጊዜ አንዲት አማካሪ አገኘሁ፣ በመንግሥት ክሊኒክ፣ በነጻ። መጀመሪያ የነገረችኝ ነገር «ይህ ሐራራ ነው፣ ስም አለው፣ የመጀመሪያው ሳምንት ይብሳል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብዙው ይቀላል፣ እንቅልፉ ብቻ ትንሽ ይቆያል» የሚል ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ላይ እንደገባም ነገረችኝ። ይኸው ነው። ስም ስላለው ብቻ ቻልኩት ብላችሁ ታምናላችሁ? ሌሊት ላብ ሲያጠምቀኝ «እሺ፣ አራተኛው ቀን ነው» እላለሁ።

ሌላም የጠቀመኝ ነገር አለ። እኔ የማጨሰው ከትምባሆ ጋር ቀላቅዬ ነበር። ሀሺሹን ሳቆም ትምባሆውንም ሳላውቀው አብሬ እያቆምኩ ነበር፣ ማለትም ሁለት ሐራራ በአንድ ጊዜ። እሷ ናት ያስተዋለችው። የኒኮቲን ፕላስተር ሰጠችኝ። ስድስት ጊዜ ስወድቅ አንድም ሰው ይህን አልጠየቀኝም።

በድምሩ የተገናኘነው ስምንት ጊዜ ነው። ስምንት ሰዓት። ከዚያ በፊት የባከነብኝን ዓመታት ሳስብ አለቅሳለሁ።

—

የልጅ_እናት፦

ልጆቼ፣ እኔ ለመጻፍ አልለመድኩም፣ ስህተት ካለ ይቅር በሉኝ።

የኔ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። በ14 ዓመቱ እንደጀመረ አሁን ነው የነገረኝ። ባለፈው ዓመት ሰዎች በግድግዳው በኩል እየሰሙኝ ነው ይል ጀመር። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነው። የትምህርት ቤት ቦርሳውን ሦስት ጊዜ በጣጥሶ ፈተሸው። ሆስፒታል ወሰድኩት፣ ለአእምሮው መድኃኒት ሰጡት፣ ተሻለው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ሀሺሹ ስጠይቅ «ያ የኛ ሥራ አይደለም፣ የሱስ ክፍል ይውሰዱት» አሉኝ። የሱስ ክፍሉ ደግሞ «ልጅ አንቀበልም፣ ደግሞም የአእምሮ ሕመም ካለበት መጀመሪያ እዚያ ይጨርስ» አለኝ። በሁለቱ መካከል አምስት ወር ተመላለስኩ። በዚያ አምስት ወር ልጄ እያጨሰ ነበር።

ፍላጎት የለም የሚሉ ሰዎች እኔን ይጠይቁኝ። እኔ ምን ያህል በር እንዳንኳኳሁ ልንገራቸው።

—

አማካሪ_ነኝ፦

እናቴ፣ እንኳን ጻፉልን። ስህተት የለበትም።

እርስዎ ያሉት መመላለስ ከምሠራበት ቦታ ሆኜ በየሳምንቱ የማየው ነው። ሁለቱ ክፍሎች አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ልጁ መካከል ላይ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማከም ነው። የስነ አእምሮ ክትትሉ ይቀጥላል፣ የሀሺሹም ምክር ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ምክንያቱም ማጨሱ ከቀጠለ ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። እንደገና ሲሄዱ «ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚከታተል አንድ ኃላፊ ይመደብልኝ» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተባለ ይረሳል።

ለልጆች ደግሞ ቤተሰብ አብሮ የሚገባበት ህክምና አለ። ልጁ ለብቻው፣ እርስዎ ለብቻዎ፣ ከዚያ አብራችሁ። በአውሮፓ ውስጥ በአምስት አገሮች ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ያሳየ ነው፣ በተለይ ችግሩ የከበደባቸው ልጆች ላይ። ሁሉም ቦታ አይገኝም። ግን ካልተጠየቀ ደግሞ መቼም አይመጣም።

አንድ ቁጥር ለሁላችሁም ልጨምር። በእንግሊዝ በመንግሥት ወጪ የዕፅና የመጠጥ ህክምና ከሚያገኙት ከ18 ዓመት በታች ልጆች መካከል፣ ከአሥሩ ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት ሀሺሽ ችግሬ ነው ያሉ ናቸው። እዚያ ህክምናው ለልጆች ተብሎ የተለየ ስለሆነ፣ ልጅ ይመጣል፣ ይመዘገባል፣ ይታያል። በመላው አውሮፓም እ.ኤ.አ. በ2022 ለዕፅ ህክምና ከገቡት ሁሉ ከሦስት አንዱ በላይ በሀሺሽ ምክንያት ነው። በሩ ያለበት ቦታ ሰው አለ ማለት ነው።

—

ሰሜን_ነዋሪ፦

ከካናዳ ነው የምጽፈው። እዚህ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 17 ቀን 2018 ጀምሮ ለአዋቂ ሕጋዊ ነው። ሱቅ ገብተህ ትገዛለህ፣ ደረሰኝ ትቀበላለህ። ሕጋዊ ከሆነ ችግሩ ያልቃል የሚል ሰው ነበር፣ ሕጋዊ ከሆነ አገር ይጠፋል የሚልም ነበር። ከሁለቱም አንዱን አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነው። ፖሊስ ያቆመው ሰው ስለሌለ ወደ ህክምና የሚገፋህ ሰውም የለም። ራስህ «በዛብኝ» እስክትል ማንም አይጠይቅህም። ስለዚህ ሚዛን ያነሳው የግዳጅ ታካሚ እዚህ ይቀንሳል፣ ያ ጥሩ ነው፣ ግን በሩ ክፍትና የታወቀ ካልሆነ ጭርሱን ማንም አይመጣም።

የሚሸጠው ነገርም የድሮው አይደለም። በአሜሪካ ፖሊስ በያዛቸው ናሙናዎች ውስጥ ቲኤችሲ የሚባለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር መጠን እ.ኤ.አ. በ1995 አራት በመቶ አካባቢ ነበር፣ በ2014 ደግሞ 12 በመቶ ደርሷል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ አበባ የተለመደ ነው፣ የሚጨመቀው ቅባት ደግሞ ከዚያም እጅግ ይበልጣል። «እኔም በወጣትነቴ አጭሼ ነበር፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል ባለሥልጣን ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 በሕዝብ ድምፅ ሕጋዊ ስታደርገው አንድ ጥሩ ነገር ሕጉ ውስጥ አስገባች። ከሀሺሽ ግብሩ የተወሰኑ ወጪዎች ተነስተው ከሚቀረው 60 በመቶው ለወጣቶች ትምህርት፣ መከላከልና ህክምና እንዲውል ነው። ሽያጩ ችግር የሚፈጥር ከሆነ ከሽያጩ ላይ ይነሳ። ይህን ከየትኛውም መንግሥት መጠየቅ ነውር የለውም።

—

ሚዛን፦

ሁሉንም አነበብኩ። የእናታችንን ሁለት ጊዜ።

አቋሜን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። አልጋ ቢኖር መጀመሪያ ሊሞት ለደረሰ ነው፣ ከዚህ አልወርድም። ግን እኔ «ህክምና» ሲባል በጭንቅላቴ የነበረው አልጋ ብቻ ነበር፣ ይህን አምናለሁ። ወንድሜም የሚጠብቀው አልጋ ስለነበር ነው መሰለኝ። ስምንት ሰዓት ንግግር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

አሁንም የሚያሳስበኝ ግን አለ። ማን ነው የሚያማክረው? ያው የሄሮይኑ ክፍል አማካሪ ከሆነ እሱ ራሱ ሥራ በዝቶበት ወድቋል። አዲስ ሰው ይቀጠር ካልተባለ፣ ካለው ላይ መቁረስ ነው የሚሆነው። ይህን ነገር ጠያቂዎቹ በግልጽ መጻፍ አለባቸው፣ «ጨምሩ» እንጂ «አካፍሉ» እንዳይሆን።

—

የተረኛ_ነርስ፦

ሚዛን፣ ልክ ነህ። ይህን ከውስጥ ሆኜ እመሰክርልሃለሁ። እኛ ጋ አንድ ጊዜ «የሀሺሽ ቀን» ብለን ሐሙስ ከሰዓት ከፍተን ነበር፣ አዲስ ሰው ሳይሰጠን። በሁለተኛው ወር አማካሪዎቹ ደክመው ተዉት። ሰው አልመጣም ብለው ሪፖርት አደረጉ። ሰው እኮ መጥቶ ነበር። መጥቶ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ማንም ስላልጠራው ነው የሄደው።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር፣ ቦታውም ወሳኝ ነው። ሁሉም ወደ ሱስ ክፍል ይምጣ ማለት አይቻልም። «ሱሰኛ» የሚለውን ቃል በሩ ላይ አንብቦ የሚመለስ ሰው አለ፣ ዳግም ጀማሪ ሦስት ጊዜ የተመለሰው በዚያ ይመስለኛል። ተራው የጤና ጣቢያ ውስጥ፣ የደም ግፊት በሚለካበት ክፍል ውስጥ፣ አንድ የሠለጠነች ነርስ ብትኖርና «ታጨሳለህ? ምን? ስንቴ?» ብላ ሳትቆጣ ብትጠይቅ ብዙ ሰው እዚያው ይናገራል። እዚያም ሲያትል በኋላ ያደረጉት ይህን የመሰለ ነው። «ህክምና» ሳይሉ «ምርመራ» አሉት። ለማቆም ያልወሰነ ሰውም መጥቶ፣ ስለ አጫጫሱ ተነጋግሮ፣ የራሱን ሁኔታ በወረቀት አይቶ ይሄዳል። ማንም ተው አይለውም። ከነሱ የቀነሰ አለ፣ ተመልሶ ለህክምና የመጣም አለ።

—

ዳግም_ጀማሪ፦

ወገኖቼ፣ ለሦስት ቀን ዝም ያልኩት ደጋግሜ ሳነባችሁ ስለነበር ነው። ሰባተኛው ሙከራ፣ ያንተን ለእህቴ አነበብኩላት። እኔ የማጨሰውም ከትምባሆ ጋር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አስቤው አላውቅም።

ነገ ጠዋት ተመልሼ እዚያው ተቋም እሄዳለሁ። ምን ብዬ ልናገር? ባለፈው «ሀሺሽ» ስል እስክሪብቶው ቆመ። እንደዚያ እንዳይሆን እፈራለሁ።

—

የተረኛ_ነርስ፦

እንዲህ በል። «በየቀኑ አጨሳለሁ፣ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ ለማቆም ይህን ያህል ጊዜ ሞክሬ ሐራራው መልሶኛል፣ እንቅልፌና ምግቤ ተበላሽቷል።» በዚሁ ቅደም ተከተል። ዓመቱን፣ ሙከራውን፣ ጉዳቱን ስትነግራት ቅጹ ላይ የምትሞላው ነገር ታገኛለች። ከዚያ «ዋናው ዕፅ በሚለው ቦታ ካናቢስ ተብሎ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ» በላት፣ ካናቢስ ማለት ያው ሀሺሹ ነው። ፕሮግራም የለንም ካለችህ አትጣላት። «እሺ፣ ግን መምጣቴ ይመዝገብ፣ የምክር ቀጠሮም ከማንኛውም አማካሪ ጋር ይያዝልኝ» በል። ለመጠጥ የሚያማክር ሰው የሚጠቀምበት ዘዴ ለሀሺሽም ያገለግላል፣ ያን ያህል ልዩነት የለውም።

አንድ ነገር አደራ። ቀጠሮው ሩቅ ከሆነ እስኪደርስ አጭስ አልልህም፣ ግን ሳይሳካልህ ቀርቶ ብታጨስም ቀጠሮህን እንዳትተው። አጭሰሃል ብሎ የሚመልስህ ሰው ካለ ሥራውን አያውቅም።

—

የልጅ_እናት፦

እኔም ነገ እሄዳለሁ። ወረቀቱን ልጄ ራሱ ጻፈልኝ።

—

ዝምታ፦

ሰኞ እኔም።

—

ዳግም_ጀማሪ፦

ሄድኩ። ያችው መዝጋቢ ነበረች። እንዳላችሁኝ በቅደም ተከተል ነገርኳት፣ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዋናው ዕፅ በሚለው ቦታ ካናቢስ ብላ ስትጽፍ በዓይኔ አየሁ። ፕሮግራም የለንም አለችኝ፣ እንደ ባለፈው። የምክር ቀጠሮ ስጠይቃት ተነስታ ውስጥ ገባች፣ ቆየች፣ አንድ አማካሪ ይዛ ተመለሰች። የመጠጥ ክፍሉ ነው። ሐሙስ በ4 ሰዓት ና አለኝ። ስለ ትምባሆውም ነገርኩት፣ ጻፈው።

ስወጣ መዝጋቢዋ ጠራችኝና «ባለፈው ካንተ በኋላ በዚያው ሳምንት ሌሎች ሁለት መጥተው ነበር፣ አልመዘገብኳቸውም» አለችኝ። ስልካቸው ይኖራት እንደሆነ ጠየቅኳት። የላትም።